የተጸለየበት የጉዞ ፈቃድ

ወንድም ታምራት ይባላል። ስሙን ስጠራ እስከ ዛሬ አፌን ተጉመጥምጬ መትፋት ያምረኛል። ይህን ገጠመኝ በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እንደመጣልኝ ልንገራችሁ፣ ቁጣዬን እናንተ ቻሉልኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን ልናገር። እኔ የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ አስር አለቃ ሆኖ ከወሎ ወደ ነገሌ ቦረና ጦር ሰፈር ተመድቦ መጣ፤ እዚያው ወለደኝ፣ እዚያው ተቀበረ። አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለቤቴ ገልገሎ የአሬሮ ቦረና ነው፤ በዚያው ትምህርት ቤት ከፍ ያሉትን ክፍሎች ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። የተዋወቅነው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው፤ የተጋባነውም እዚያው። በቤታችን ቁጣው የኔ፣ ዝምታው የሱ ድርሻ ነው።

ገልገሎ ልቡን ይታመማል። በልጅነቱ ጉሮሮውን ሲያመው ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም፤ በሽታው ውሎ አድሮ የልቡን ቫልቭ አበላሸው። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ተማሪዎቹ ሲያልፉ ወፍ የሚያይ መስሎ ወደ ዛፍ ያንጋጥጣል። እኔ ግን ከንፈሩ ሲጠቁር አያለሁ።

አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ተራ መጠበቅ ነበረበት፤ ተራው ደግሞ ማለቂያ የለውም። ታዲያ አንድ ቀን በከተማችን ባለ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ የሚሠራው ሐኪም አስጠራን። የውጭ አገር የልብ ቀዶ ሐኪሞች ናይሮቢ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለአንድ ሳምንት ይመጣሉ፣ በነጻ ይሠራሉ፣ የገልገሎም ስም ገብቷል አለን። ደስታዬን ሳልጨርስ ጣቱን ቀሰረ።

«ሰኞ ጠዋት መገኘት አለበት። ካልተገኘ አልጋው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። እነሱ ማንንም አይጠብቁም።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሰኞ ናይሮቢ መገኘት።

ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። ይህን ነገሌ ውስጥ የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ያላወቀው ግን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቪዛ የማይጠየቀውም መንገደኛ ከመነሳቱ በፊት በኢንተርኔት አመልክቶ የጉዞ ፈቃድ መቀበል እንዳለበት ነው። ፓስፖርትህን፣ ፎቶህን፣ የምታርፍበትንና የምትሄድበትን ምክንያት ትሞላለህ፤ እነሱ መርምረው ፈቃዱን ይልኩልሃል። ሰዉ «ኢቲኤ» ይለዋል። እኔም ስሰማ «ቪዛ የለም ካሉ ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ለማንኛውም ኢቲኤ የሚባል ነገር ሲመጣ፣ በከተማችን የሚያወጣው ሰው አብሮ መጣ።

ወንድም ታምራት መነኻሪያው አጠገብ ኮምፒውተርና ማተሚያ ያለበት ሱቅ አለው። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ኮፒ ያደርጋል። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የጸሎት ክፍሉ መሪ ነው። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሲጸልይ ያስለቅሳል። ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል። እንዲህ ያለውን ሰው «እስቲ ስክሪኑን አሳየኝ» ማለት በኛ ዘንድ ነውር ነው። ወንድምህን ከተጠራጠርክ የታመምከው አንተ ነህ።

ገልገሎ ግን ጠየቀው። ሱቁ ውስጥ ወንበር ሰጥቶት ተቀምጦ፣ «ወንድም ታምራት፣ እንዴት እንደሚሞላ ላየው እችላለሁ?» አለው።

«ኔትወርኩ ያስቸግራል ወንድሜ፣ አሁን አይከፍትም። አንተ አትጨነቅ፣ ልብህን አሳርፍ። እኔ ሌሊትም ቢሆን ተነስቼ እሞላዋለሁ። ደግሞ ለስንቱ አውጥቻለሁ! ለሰላማዊትም እኔው ነኝ ያወጣሁላት፣ ለእህቷ ሠርግ ናይሮቢ ሄዳ መጣች እኮ።»

ሰላማዊት ሚስቱ ናት። አብራኝ ትዘምራለች።

ፓስፖርቶቻችንንና የሆስፒታሉን ደብዳቤ ወሰደ። የከፈልነውን አልነግራችሁም፤ ያንገበገበኝ እሱ አይደለም። አርብ ወደ ማታ ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ክላሰር ይዞ ቤታችን መጣ። የገልገሎ ስም፣ የኔ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥራችን፣ የኬንያ አርማ፣ ከታች ደግሞ ያ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት በስልክ የሚነበብ አራት ማዕዘን ምልክት። ንጹሕ ወረቀት። እንባዬ መጣ። ሰውን ውሃ ሲወስደው እያሳሳቀ ነው ይባላል።

«ሳንጸልይበት አልሰጣችሁም» አለ እየሳቀ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና እጃችንን እንድንጭን አደረገ።

«ጌታ ሆይ! በዚህ ፈቃድ ላይ እጃችንን ጭነናል! በኬላው ያሉትን ሰዎች ዓይን ጋርድ! አይተው እንዳያዩ፣ ይዘው እንዳይመረምሩ አድርጋቸው!»

«አሜን!» አልኩ። ከሁሉም በላይ የኔ አሜን ነበር የጮኸው።

ሲሄድ ገልገሎ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ምንድን ነው የማያዩት?» አለኝ።

«አቦ አንተ ደግሞ! ጸሎት ነው።»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሳን። የዳዋን ወንዝ ተሻግረን፣ በአሬሮ አድርገን፣ ያቤሎ ላይ መኪና ቀይረን ወደ ሜጋ ወረድን። ገልገሎ መስኮቱን ተደግፎ ተራሮቹን በስማቸው እየጠራ ይነግረኝ ነበር፤ የትኛው ኤላ የየትኛው ጎሳ የውሃ ጉድጓድ እንደሆነ፣ አያቱ በድርቅ ጊዜ ከብቶቹን ይዞ የት ድረስ እንደወረደ። ትንፋሹ ሲያጥረው ያቆምና ይቀጥላል። ብዙ ሲያወራ የሰማሁት በዚያ መንገድ ነው። ተስፋ አፍ ያስፈታል መሰለኝ።

ሞያሌ አድረን እሑድ ጠዋት ኬላው ሄድን። የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጣሉ። በኛ በኩል ቶሎ አለቀልን። በኬንያ በኩል ያለው ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበር፤ ስሙ ዋሪዮ እንደሆነ ኋላ አወቅን። የገልገሎን ስም እንዳየ ፊቱ ፈካ።

«አካም? ናጋ?»

«ናጋ» አለ ገልገሎ። ቦረና ለቦረና ናቸው፤ ድንበሩ በመሃላቸው ቢያልፍም ቋንቋው አላለፈም። በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ ጠየቀው፣ ስለ ከብቱ ጠየቀው። እኔ ከጎን ቆሜ «ይኸው፣ ጌታ በሩን ከፈተ» እላለሁ በልቤ።

ዋሪዮ እያወራ መሣሪያውን አንስቶ በወረቀቱ ምልክት ላይ አሳለፈው። ስክሪኑን አየ። ገልገሎን አየ። እንደገና ስክሪኑን አየ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን በክርኑ ነካ አደረገውና አሳየው። ያኛው ሳቀ። ዋሪዮ አልሳቀም።

«ኩን ሲ ሚቲ» አለ ቀስ ብሎ። ይህ አንተ አይደለህም ማለቱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ ያንቺን አምጪ» አለኝ።

ሰጠሁት። አሳለፈው። ያኛው አሁን በጣም ሳቀ።

ዋሪዮ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። አንዲት ሴት ናት። የእሑድ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሱቁ ነጭ መጋረጃ ፊት ተቀምጣ፣ ፈገግ ብላለች። ከስሩ ስሟ ከነአባቷ ተጽፏል። ሰላማዊት። የወንድም ታምራት ሚስት።

«ታውቂያታለሽ?» አለኝ።

«አ... አውቃታለሁ።»

«እኛም አወቅናት። ከእናንተ ከተማ የሚመጣው ሰው ግማሹ እሷ ነው። ባለፈው ሽበታም ሽማግሌ ሆና መጣች። ዛሬ ደግሞ ጢም አብቅላለች።» ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «እውነተኛው ፈቃድ የዚች ሴት ነው። በሥርዓቱ የተሞላ፣ የተፈቀደ። ሌላው ሁሉ ከሱ ላይ ስምና ቁጥር እየተፋቀ የተጻፈ ነው። ምልክቱን ግን የሠራው ሰው መቀየር አይችልም፤ ሲነበብ የሚወጣው እሷ ናት።»

ነገሩ ወደ ጭንቅላቴ የገባው በየተራ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ውሸት መሆኑ። ቀጥሎ ሰውየው መሙላት እንደሚችል፤ ለሚስቱ ሞልቷላ! መጨረሻ ላይ ያ ጸሎት። ዓይናቸውን ጋርድ። ይዘው እንዳይመረምሩ። ሰውየው የሚለምነው ወረቀቱ እንዳይመረመር ነበር። ገልገሎ ምንድን ነው የማያዩት ያለው ይሄንን ነበር። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው አሜን ብዬ የጮህኩት! ወደ በሩ ሮጥኩና ከሕንፃው ውጭ አጥሩ ስር አስመለሰኝ። ሰው በሌላ ሰው ሥራ እንዲህ ሊያቅለሸልሸው እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ስመለስ ገልገሎ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አውጥቶ ዋሪዮ ፊት አስቀምጧል። አልለመነም። ዋሪዮ አንብቦ ራሱን ያዘ።

«በሕጉ በሐሰት ሰነድ ልይዛችሁ ነበር የሚገባኝ። ሌሎቹን ሳንይዝ መለስናቸው።» ደብዳቤውን አጥፎ ለገልገሎ መለሰለትና፣ «ስልክ አላችሁ?» አለ።

«አለን።»

«በሉ ያው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ራሳችሁ ሙሉ። ለእናንተ እኮ ነጻ ነው። አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም።»

«ነጻ?» አልኩ።

«ነጻ።»

ሞላን። ገልገሎ ፓስፖርቱን ያዘልኝ፣ እኔ ጻፍኩ፣ ግድግዳው ጋ አቁሜ ፎቶ አነሳሁት። ሽሮ እስኪበስል ያህል እንኳ አልፈጀም። ያ ሁሉ «ሌሊት ተነስቼ» የተባለለት ነገር ይሄ ነበር! ስልኩ ግን መልሱ እስከ ሦስት ቀን ሊወስድ እንደሚችል ጻፈልን።

«ወንድሜ፣ በናትህ፣ ነገ ጠዋት ካልደረሰ አልጋው ይሄድበታል» አልኩት ዋሪዮን።

«የምፈቅደው እኔ አይደለሁም እህቴ። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ሞልታችሁ ቢሆን ዛሬ እየሳቅኩ ባሳለፍኳችሁ።»

ሞያሌ ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ተከራይተን ተቀመጥን። ሙቀቱ ገልገሎን ከአልጋ አላስነሳው አለ። ወደ ታምራት ደወልኩ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው፣ ሞያሌ ላይ ተያዝን አልኩት። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ምን ይመስላችኋል?

«ስካን አደረጉት እንዴ?»

«አደረጉት!» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ እኮ አያደርጉም እህቴ! አይተው ነው የሚያሳልፉት። ኔትወርኩ እምቢ ብሎኝ፣ እናንተም ቸኩላችሁ... በእምነት ነው የሠራሁት።»

«ለሚስትህስ በምን ነበር የሠራህላት?»

«ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው» አለና ዘጋው። ድምፄ አልተቆራረጠም ነበር። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።

ሰኞ አለፈ። ጠዋት ላይ ገልገሎ ሰዓቱን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ናይሮቢ ደውዬ ለመንኩ፤ በትሕትና «እንደደረሳችሁ ኑ» አሉኝ። ፈቃዱ ማክሰኞ ማታ መጣ። የሁለታችንም ስም፣ የሁለታችንም ፊት። ረቡዕ ዋሪዮ ማኅተሙን መትቶ «ናጋን» ብሎ ሸኘን፤ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘን ሆስፒታሉ ስንደርስ ሐሙስ ሆኗል። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል፤ ከቱርካና የመጣ፣ ቀዶ ጥገናው ተሠርቶለት ያንቀላፋ። ሐኪሙ መዝገባቸውን አገላበጠ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተመካከረ፣ የቀሩት ቀናት ተይዘዋል አለ። ተራው ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ገልገሎ «ሰውየውን ሰላም ልበለው» አለ። ገብቶ እጁን ያዘው፣ «እንኳን ተረፍክ» አለው በገባውም ባልገባውም ቋንቋ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ያን ሰው አልጠላሁትም፤ ግን እጁን መያዝ አልቻልኩም።

ነገሌ በተመለስን ማግስት ወንድም ታምራት አንድ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አስከትሎ ቤታችን መጣ። ሽማግሌው የሆነውን አያውቁም፤ ይህንን ከፊታቸው አነበብኩ። ታምራት ወንበር ስቦ ገልገሎ ፊት ተቀመጠና በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ «ወንድሜ፣ በር ያለ ምክንያት አይዘጋም። በቤታችሁ የተደበቀ ኃጢአት ካለ መርምሩ። አብረን እንጹም» አለው።

የኔ ሰው፣ ድፍረቱን አያችሁልኝ? ሰውየው ሌባ ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር! ሌባ ይሰርቃል፣ ይሮጣል። ይሄ የሰረቀበት ቤት ተመልሶ ገብቶ ጥፋቱን ባለቤቱ ራስ ላይ ይጭናል። ገልገሎ ቀና ብሎ አየውና «ውጣ» አለ። ባሌ ሰው ሲያስወጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት እጄን አወጣሁ። ማንም ተነስቶ እግዚአብሔር ያደረገለትን የሚናገርበት ሰዓት ነው። ማይኩን ሰጡኝ። ነገርኳቸው፤ ከሱቁ ጀምሬ እስከ ሆስፒታሉ። ስሙንም ጠራሁ። ሰላማዊት መዘምራኑ መሃል ቆማ እየሰማች ፊቷ ከል መሰለ። ምንም እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ተነሱ። «እህታችን ሐዘን ላይ ናት። የጌታን ስም አናሰድብ። ነገሩ በሽማግሌዎች ይታያል» አሉ፤ ማይኩም ጠፋ። ማፈር ያለበት ሰው ሳያፍር የጌታ ስም እንዳይሰደብ የሚጨነቁት ነገር እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

መዘምራኑ ዘምሩ ተባሉ። ከመጀመራቸው በፊት ከሴቶቹ ወንበር እማማ ዝናሽ ተነሱ። የወታደር ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከጦር ሰፈሩ ጀርባ የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ብሩክ ኬንያ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወጥቶ ሞያሌ ላይ መመለሱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለምን እንደተመለሰ የጠየቀ አልነበረም። ባዶ እጄን ቤት አልገባም ብሎ ከደላሎች ጋር በጫካ ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

እማማ ዝናሽ ማይክ አላስፈለጋቸውም። ታምራትን አዩት።

«የኔንም ልጅ አንተ ነህ ያወጣህለት» አሉ። «በቤትሽ ኃጢአት አለ ብለኸኝ ስጾም ከረምኩ። የማላውቀውን ኃጢአት ሁሉ ስናዘዝ ከረምኩ። ታዲያ ልጄን የመለሰው የኔ ኃጢአት አልነበረም?»

ታምራት መሬት መሬት አየ። ሰላማዊት የመዝሙር ደብተሯን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ ብዙ ነገር ነው። ገልገሎ በዓመቱ ናይሮቢ ሄደ፤ ሐኪሞቹ አይተው ልቡ በጣም ሰፍቷል፣ አሁን ቢነካ ይሞታል አሉ። በኪኒን ይኖራል። ማስተማር ትቷል፤ ከአልጋው እስከ በረንዳው ይሄዳል። ታምራት «ምክር ተሰጥቶታል»፤ ሱቁ ክፍት ነው፣ ሰው ይሰለፍበታል። ሳልፍ «ሰላም እህቴ» ይለኛል። አልመልስም። ይቅር በይ የሚሉኝ አሉ፤ ገና ይቅርታ ያልጠየቀኝን ሰው ምኑን ነው ይቅር የምለው? እምነቴን አልተውኩም። ግን «እንጸልይ» ብሎ የሚያጣድፈኝን ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው» እለዋለሁ፤ ነውር ከሆነም ይሁን። እናንተም ወንድም ይሁን እህት፣ ዘመድ ይሁን መሪ፣ ስክሪኑን አሳየኝ በሉ። ቅር የሚለው ሰው ቅር ይበለው።

ያን የምስክርነት እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ ዝናሽ ቤታችን መጡ። ከተቀመጡ በኋላ ከጉያቸው ፓስፖርት አወጡ፤ ብሩክ ሲያወጣ አብሮ ያወጣላቸው ነው፣ ሥራ ሲይዝ ሊወስዳቸው።

«ነጻ ነው ብለሻል» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ነጻ ነው።»

«እንግዲያው ሙይልኝ። ልጄን ልፈልገው እሄዳለሁ።»

ስልኬን ከፍቼ እንዲያዩት አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስማቸውን ጻፍኩ፣ ፎቶ አነሳኋቸው፣ አዩት። የጉዞውን ምክንያት ሲጠይቅ ምርጫዎቹን አነበብኩላቸው፦ ጉብኝት፣ ንግድ፣ ሕክምና፣ ቤተሰብ ጥየቃ። «ቤተሰብ በይው» አሉ። ቀጥሎ የሚቆዩበትን ጊዜ ጠየቀ።

«ስንት ቀን ይቆያሉ ይላል፣ እማማ። ምን ልበለው?»

«እስካገኘው ድረስ» አሉኝ።

ቦታው ከቁጥር በቀር አይቀበልም። የሚፈቅደውን ትልቁን ቁጥር ሞላሁላቸው።